በአህያ በኩል የተማርኩት ሙያ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዛሬ ዓይኔ ደክሞ መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡልኝ የልጅ ልጆቼ ቢሆኑም፣ በዚያ ዘመን ቆቦ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ተቀምጬ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያየኝ ነበር። እኔ የሰፋሁት ሱሪ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ክሩ አይተረተርም እል ነበር፤ አሁንም እላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ግን ለጉራ ነው። ዋናው ምክንያት በረሃ መሃል ሞት አፋፍ ላይ ያደረሰኝ ይኸው የምኮራበት ስፌት ስለሆነ ነው።

ጊዜው የስልሳ ስድስቱ ረሃብ ነበር። የራያ ቆላ ማሽላ አገዳው ብቻ ቆሞ ቀርቷል። ከዋጃም ከሮቢትም በኩል የመኪናውን መንገድ ይዞ የሚመጣው ሰው ቆቦ ላይ ተጠራቅሞ እርዳታ ይመጣል ሲባል መንገድ መንገዱን ያያል። ረሃብ ባለበት አገር ልብስ የሚያሰፋ የለምና እኔም መኪናዬን ሸፍኜ ቤቴ ከተቀመጥኩ ሰንብቻለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን ሐያት የተወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። ባለቤቴ ዘሀራ በቂ ሳትበላ ወልዳ ጡቷ ደረቀ። ልጅቱ ትይዘዋለች፣ ትስባለች፣ ትለቀዋለች። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ማልቀሱም ደከማት። የሚያጠቡ ጎረቤቶቻችን ለራሳቸው ልጆች እንኳ አልበቃ ብሏቸው ስለነበር ማንን እንለምን? ስኳር በውሃ በጥብጠን፣ ንጹሕ ጨርቅ እየነከርን አፏ ላይ እናደርግላት ነበር። በዚያ ብዙ እንደማትቆይ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንናገረውም እንጂ።

አንድ ጠዋት ጨው ይዞ የመጣ አፋር ወሬ አመጣልን። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ሳይለዋወጡ ስለማይተላለፉ ወሬያቸው ይታመናል። ከዞብል ተራራ ባሻገር፣ ወደ አፋር መውረጃው፣ ዝናብ ጥሏል አለን፤ የአያ ሁሴን ፍየሎችም ወልደዋል። አያ ሁሴን የአማቴ፣ የዘሀራ እናት፣ ወንድም ነው። ከብቶቹን ይዞ ወደዚያ ከወረደ ቆይቷል። ወሬውን እንደሰማን ነገሩ ቁርጥ ሆነ። አንዲት የምትታለብ ፍየል ከመጣች ሐያት ትኖራለች፣ ካልመጣች አትኖርም።

መንገዱን የሚያውቁት አማቴ ብቻ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት በዞብል ግርጌ ነው። በእንዲያ ያለ ጊዜ ግን አሮጊት ሴት ብቻዋን በረሃ አትላክም። ስለዚህ እኔና አማቴ አብረን ልንወርድ ሆነ።

የሌላ አገር አንባቢ ካለ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በአማቴ ዘመዶች ዘንድ አማችና አማት ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ጠብ ኖሮ አይደለም፣ ክብር ነው። እሳቸው ስሜን አይጠሩም፤ እኔም የሳቸውን አልጠራም። አንተያይም፣ ከአንድ ገበታም አንበላም። የሚባል ነገር ካለ በዘሀራ በኩል ይባላል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ “ዘሀራ፣ ባልሽ ጣሪያውን ቢጠግነው ምናለበት?” ይላሉ። እኔም፣ “ነገ እጠግነዋለሁ በያቸው” እላለሁ። ዘሀራ መካከላችን ቆማ ትስቃለች። አሁን እሷ ከልጅቱ ጋር ቤት ልትቀር ነው። የቀረን አንድ ሽማግሌ አህያ ነበርና መካከላችን የቆመው እሱ ሆነ።

ገና ከከተማው ሳንወጣ አማቴ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና አህያውን ያዝ አድርገው እንዲህ አሉት፦

“ስማ አንተ አህያ፣ ከፊት ከፊት ትሄዳለህ። ዞብልን ፊት ለፊት እያየህ ነው የምትሄደው። ውሃውን እኔ ሳልል እንዳትነካ።”

አህያው ጆሮውን አነቃነቀ። እኔ ከፊት ሆንኩ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ “አንተ አህያ” ሲሉ መቼ አህያውን፣ መቼ እኔን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ኋላ ላይ ገባኝ። ሲቆጡ እኔን ነው፣ ሲያዝኑ አህያውን።

የያዝነው ጥቂት ነበር። አንድ ትልቅ ቅል ውሃ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የማሽላ ቆሎ፣ ቢላ፣ ክብሪትና ምናልባት እህል ከተገኘ ብለን ያጠፍነው ባዶ አቁማዳ፣ ያው ከፍየል ሌጦ የሚሠራው የእህል ከረጢት። በኪሴ መርፌና ክር አለኝ፤ ልብስ ሰፊ ያለ መርፌ ከቤት አይወጣም።

ሰው ሁሉ ወደ ቆቦ ሲገባ እኛ ከቆቦ እንወጣ ነበር። ልጅ ያዘሉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው፣ “ኧረ ወዴት ነው እናንተ? ወደ በረሃ?” አሉን። “ፍየል ልናመጣ ነው” አልኳቸው። ፊቴን አይተው ያበድኩ እንዳልሆነ ካረጋገጡ በኋላ፣ “አላህ ያግዛችሁ” ብለው አለፉ። ከመንገዱ ዳር ደክሟቸው የተኙ የመሰሉኝ ሰዎች ነበሩ። አማቴ አጠገባቸው ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሞተ ሰው የሚቀራውን ፋቲሃ ሲቀሩ ሰማሁና እንቅልፍ እንዳልሆነ ገባኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ስለ እኔ አይደለም የፈራሁት፤ ስንመለስ ቤታችን ምን እንደሚጠብቀን ነው።

የተራራው ግርጌ ስንደርስ የበረባሶዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። እኔም ቁጭ ብዬ መርፌዬን አወጣሁ።

“አንተ አህያ፣” አሉ አማቴ፣ “ጎማ በክር አይሰፋም። ግራሩ አጠገብህ አይደል? ከግንዱ ሥር በቢላ ቁረጥና ልጡን ወደ ላይ ሳበው።”

ቆርጬ ሳብኩት። መሃል ላይ ተበጠሰ። እንደገና ሳብኩ፤ እንደገና ተበጠሰ።

“ያ ረቢ፣ ይህ አህያ ዓይን የለውም እንዴ? ፀሐይ ያደረቀውን ትተህ በጥላው በኩል ያለውን ላጥ እንጂ።”

በጥላው በኩል ያለው ረጅም ሆኖ መጣልኝ። ከዚያም የላዩን ሻካራ ጥዬ የውስጡን እንዳስቀር፣ በድንጋይ ቀጥቅጬ እንዳለሰልስ፣ ጭኔ ላይ እያንከባለልኩ ሁለቱን ዘለላ አንድ ላይ እንድገምድ አዘዙኝ። አህያውን ማለቴ ነው። የሠራሁት ገመድ እዚህ ወፍራም እዚያ ቀጭን፣ ለማየት የሚያሳፍር ነበር። ግን በረባሶዬን አሰርኩበት፤ ያዘም። እስከዚያ ቀን ድረስ ገመድ ገበያ ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። መቆፈሪያ ያስፈልገዋል ተባለ አህያው፤ ጠንካራ እንጨት መርጬ ጫፉን አሾልኩ። ጫፉ በእሳት ይጠንክር ተባለና ክብሪቱን ሳወጣ አማቴ አህያው ላይ አፈጠጡ።

“ክብሪት ያልቃል። ሲያልቅ ምን ልትሆን ነው?”

ስለዚህ አንዱን ደረቅ እንጨት ጠፍጣፋ አድርጌ ጠረብኩ፣ በቢላ ጫፍ ጎድጎድ አድርጌ ጎኑን ሸነቆርኩ፣ ሌላውን ቀጭን እንጨት እዚያው ላይ አቁሜ በመዳፎቼ መካከል አሽከረከርኩት። መዳፌ ውሃ እስኪቋጥር አሽከረከርኩት። ጭስ ይመጣና ይጠፋል። “በርታ አንተ አህያ፣ ሊይዝልህ ሲል ነው የምትተወው” ይላሉ ከኋላዬ። ተናድጄ፣ ጥርሴን ነክሼ ሳሽከረክረው ጥቁሩ ዱቄት ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ አየሁ። በደረቅ ሣር ጠቅልዬ እፍ አልኩባት፤ ተያያዘች።

“ማሻአላህ” አሉ አማቴ። አህያውን ነው ያሉት፤ እኔ ግን ሞቀኝ።

አንድ ነገር ግን አበሳጭቶኛል። እጃቸው ከእኔ እጅ እንደሚፈጥን ግልጽ ነው፤ ዞብል ሥር ያደገች ሴት ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምራ የሠራችው ነው። ታዲያ አንድም ነገር አይሠሩልኝም። እኔ ስታገል እሳቸው ከግራሩ ላይ ሙጫ ለቅመው፣ ግማሹን አህያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡልኛል። ሙጫውን እየመጠጥኩ፣ ምን ያለች ክፉ አማት አገኘሁ እል ነበር በልቤ።

በማግስቱ ጠዋት በተራራው ማዶ ስንወርድ አህያው ልቅ ድንጋይ ረገጠ። አማቴ ገመዱን ይዘው ነበርና አብረውት ተንሸራተቱ። እኔ ስደርስ አህያው እግሩ ተሰብሮ ወድቋል፤ ቅሉ ተፈርክሶ ውሃችንን ጠጠሩ ጠጥቶታል። አማቴ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ለአህያው ሊደረግለት የሚችል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ቢላዬን አውጥቼ ገላገልኩት። አማቴ አጠገቡ ድረስ እየተጎተቱ መጥተው አንገቱን ዳሰሱት።

“ብዙ ተሸክመህልናል፣ አፉ በለን” አሉ።

ይህ በአህያው በኩል የሰማሁት የመጨረሻ ንግግራቸው ሆነ። እንሂድ፣ እንመለስ፣ ጉልበቴን አሞኛል የሚል ቃል የለም፤ የሚነገርለት የለማ። እኔም፣ “ይችላሉ ወይ?” ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ወደ ተራራው ዞሬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ተነስተው በዱላ እያነከሱ ወደ ፊት ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ ያለ ውሃ፣ ያለ አስተርጓሚ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ ደረስን። አማቴ አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ፣ ወንዙ ሲታጠፍ ከገደሉ ሥር አንድ ቦታ በዱላቸው ወጋ ወጋ አድርገው ፈቀቅ አሉ። ገባኝ። በሠራሁት መቆፈሪያ ቆፈርኩ። አሸዋው ከላይ ደረቅ፣ ዝቅ ሲል ቀዝቃዛ፣ ክንዴ እስከ ትከሻው ሲገባ እርጥብ ሆነ፤ ከዚያ ውሃው እያቀረረ መጣ። በእፍኜ ጠጣሁ። እንደዚያ ቀን ውሃ የጣፈጠኝ ጊዜ የለም። እሳቸውም ጠጡ፤ እዚያው አድረን ጠዋት ልንነሳ ሆነ።

ጠዋት ችግሩ መያዣው ሆነ። ከወንዙ እስከ አያ ሁሴን ሰፈር ያለው ሜዳ ውሃ እንደሌለበት ከመነሻችን ሰምቻለሁ። ቅል የለም። ያለን አቁማዳው ብቻ ነው፤ እሱም ሆዱና ጎኑ ላይ ተበስቷል። እኔ ግን ደስ አለኝ። እስካሁን የእሳቸው ሙያ ነበር፣ አሁን የእኔ ተራ ደረሰ! መርፌዬን አወጣሁ፣ ክሩን ደረብኩ፣ ቀዳዳዎቹን እያጠጋጋሁ ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋኋቸው። በስፌቱ ላይ የግራር ሙጫ አድቅቄ ለቀለቅሁበት። ከትናንት ወዲያ አፌ ውስጥ ሟሙቶ የዋጥኩት ሙጫ መሆኑን አላሰብኩም። ስፌቱን ግን ብታዩት ታደንቁት ነበር።

በዚህ መሃል አማቴ ሳል ጀመራቸው። ከዚያ ተነስተው አንድ ቁጥቋጦ ፊት ቆሙና ማጉተምተም ያዙ። እኔ ዱዓ የያዙ መሰለኝ። ዱዓ ላይ ያለን ሰው፣ ያውም አማትን፣ አጠገቡ ቆሞ መስማት ነውር ነው ብዬ አቁማዳዬን ይዤ ራቅ አልኩ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ጭንቀታቸው ቢበዛ ነው፣ ለልጅቱ ነው የሚለምኑት ብዬ አዘንኩላቸውና ይበልጥ ራቅሁ። በመጨረሻ እጃቸውን ሲያርገበግቡ አየሁና እኔም ከሩቅ “አሚን” አልኩ።

ሞላሁት። ያዘ። ጀርባዬ ላይ አዝዬው ጉዞ ጀመርን።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጀርባዬ ረጠበ። ላብ ነው አልኩ። ቆይቶ ግን ላብ እንዲህ እንደማይቀዘቅዝ ትዝ አለኝና አቁማዳውን አወረድኩት። ሙጫው ንፍጥ ሆኗል። መርፌዬ የበሳችው ቀዳዳ ሁሉ ለየብቻው ሲያንጠባጥብ ቆይቶ አሁን የሚያንጠባጥበውም አልቆ ነበር። ለሱሪ የሚያምር ስፌት ለውሃ ወንፊት ነው።

አማቴ አንድ ቀጭን ግራር ሥር ቁጭ ብለዋል። ጉልበታቸው አብጦ ከቀሚሳቸው በላይ ያስታውቃል። ወደ ፊት ያለው መንገድ ካለፍነው ይበልጣል። እኔ እንደ ወጉ ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ባዶ አቁማዳ ይዤ ቆሜአለሁ። ሐያት ታየችኝ፣ ጨርቁን ስትመጥ። እንባዬ መጣ፤ እሱም ባይመጣ ይሻል ነበር፣ ውሃ ነውና።

“ሰይድ።”

ዙሪያዬን አየሁ። ማን ነው የጠራኝ?

“ሰይድ፣ አንተን ነው የምልህ። ዞር በልና እየኝ።”

“ኧረ ነውር ነው” አልኩ ለሜዳው።

“ነውሩስ ያቺ ልጅ ስትሞት ነው። ዞር በል።”

ዞርኩ። ካገባሁ ወዲህ ፊታቸውን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዓይናቸው ቁርጥ የዘሀራ ዓይን ነው።

“ጠዋት ቁጥቋጦውን ሙጫ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ሌጦ አይሰፋም ይታሰራል እያልኩ ስጮህበት ለምን ሸሸህ?”

“ዱዓ ላይ ያሉ መስሎኝ ነው።”

“ዱዓ?”

“አሚንም ብያለሁ።”

አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሳቁ። በደረቀ ጉሮሮ፣ እያሳላቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሊሞቱ የተቃረቡ ሁለት ሰዎች እንዲያ ሲስቁ ያየን ቢኖር ፀሐይ ጭንቅላታቸውን መታቻቸው ይል ነበር።

“ስምህን ብጠራው ኖሮ ውሃው አይደፋም ነበር” አሉ ሲበርድላቸው። “አንተም እኔም ጨዋ ሆንን፣ ይኸው ደፋነው። አሁን ቁጭ በልና ስማኝ። እኔ ከዚህ አልነሳም። አንተ ወደ ወንዙ ትመለሳለህ። መርፌ እንዳትነካ። ስፌትህን ተርትረህ ጣለው። ሌጦው እስኪለሰልስ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው። ከአሸዋው ድቡልቡል ጠጠር ምረጥ፣ ስለት የሌለው። ከውስጥ ቀዳዳው ላይ ታስገባውና ሌጦውን ከውጭ ትሰበስባለህ፣ ከዚያ አንገቱን በልጥ ታንቀዋለህ። ገባህ?”

“ገባኝ። ግን እማማ፣” አልኩ። እማማ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው። “ይህን ሁሉ ራስዎ ሲችሉት ለምን እኔን አስቸገሩኝ?”

“እኔ ብሠራው እኔ የወደቅሁ ቀን አብሮኝ ይወድቃላ። ፍየሏን ይዘህ ብቻህን የምትመለሰው አንተ ልትሆን እንደምትችል ከቆቦ ስወጣ አውቄአለሁ። ሳላስተምርህ ልሙት?”

ክፉ አማት ያልኳቸው ሴት ለካ በየመንገዱ የመመለሻዬን ስንቅ ሲያሲዙኝ ኖረዋል።

የእሾህ ቅርንጫፍ ቆርጬ ጅብ እንዳይደፍራቸው ዙሪያቸውን አጠርኩላቸው። “መውጫ ተውልኝ እንጂ፣ ፍየል አይደለሁም” አሉኝ። ከተመለስኩና በሕይወት ካላገኘኋቸው ሳልቆም የግራሮቹን መስመር ይዤ፣ በሁለቱ ጥቁር ኮረብቶች መካከል እንዳልፍ ነገሩኝ።

“አገኝዎታለሁ” አልኳቸው።

“አብሽር፣ ሂድ” አሉኝ።

ያ መንገድ ረዘመብኝ፤ ስሄድ ግን አልፈራሁም። ይህን በኩራት ነው የምናገረው። ወንዙ ጋ ስደርስ ጉድጓዱን አሸዋ መልሶት አገኘሁና እንደገና ቆፈርኩ፣ ጠጣሁ፣ አቁማዳውን ዘፈዘፍኩ። ከዚያ በቢላዬ ጫፍ የራሴን ስፌት መተርተር ያዝኩ። የራሴን ሥራ በራሴ እጅ ስተረትር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ክሩ ደግሞ እንደ ፎከርኩት ነው፣ እምቢ አለኝ።

ልጡን ከግራሩ ሥር፣ በጥላው በኩል፣ ወደ ላይ ሳብኩት። ማንም አልነገረኝም። የመጀመሪያው ጠጠር አነሰና በቀዳዳው ሾለከ። ሁለተኛውን ተለቅ አድርጌ ከውስጥ ገፋሁት፣ ሌጦውን ሰበሰብኩ፣ ልጡን በጥርሴና በእጄ ስቤ አነቅሁት። የጎኑንም እንዲሁ አደረግሁ። ሞላሁትና ጨረስኩ ብዬ ልሮጥ ስል ራሴን ያዝኩት። ጠዋትም ይዞ ነበር እኮ! ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩትና ሥሩ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በሕይወቴ የሠራሁት ከባዱ ሥራ ያ መቀመጥ ነው። እዚያ ማዶ እሳቸው እየደረቁ፣ ቆቦ ላይ ልጄ እየደከመች፣ እኔ ቁጭ ብዬ አንድ የሌጦ ከረጢት አፈጥበታለሁ። ቆይቶ ከሆዱ ላይ አንዲት ጠብታ አበጠችና ወደቀች። አውርጄ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። እንደገና ሰቀልኩ፣ እንደገና ተቀመጥኩ። አሸዋው ደረቅ እንደሆነ ቆየ። ያን ጊዜ ተነሳሁ።

ወደ ግራሩ ስቃረብ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። አጥሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አይታየኝም።

“እማማ!”

ዝም።

“እማማ!”

ዝም። እግሬ መሮጥ ጀመረ፤ አቁማዳው ጀርባዬን ይመታኛል። ያን ጊዜ ስማቸውን ጠራሁ። በሙሉ ድምፄ፣ ደግሜ ደጋግሜ ጠራሁት። በዚያ ሜዳ ላይ አማቱን በስሟ የጠራ የመጀመሪያው አማች እኔ ሳልሆን አልቀርም።

“አልሞትኩም” አለ ቀጭን ድምፅ ከእሾሁ ውስጥ። “አትጩህ፣ አገር ይሰማል።”

ጭንቅላታቸውን ደግፌ አጠጣኋቸው። ጥቂት ጠጥተው አቁማዳውን ዳሰሱት፣ ቋጠሮዎቹን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጓቸው። ጥሩ ነው አላሉኝም። “የጎኑ ጠጠር ትንሽ ቢያንስ ይሻል ነበር” ነው ያሉኝ፤ ከዚያ እንደገና ጠጡ።

በቀዝቃዛው ሰዓት ትከሻዬን ተደግፈው ተጓዝን፤ በማግስቱ ጠዋት የአያ ሁሴንን ጭስ አየን። አያ ሁሴን እህቱን ሲያይ ደስታው ገና ፊቱ ላይ ሳለ፣ “ሰይድ፣ አቁማዳውን ጥላ ላይ ስቀለው” ሲሉኝ ሰማ። ዓይኑ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ተመላለሰ። ስለ ልጅቱ ስንነግረው እህቱን በግመል ጭኖ፣ ውሃና ሁለት የሚታለቡ ፍየሎች ይዞ አብሮን ተነሳ።

ቤት ስንደርስ ዘሀራ በሩ ላይ ቆማለች። ሐያት እቅፏ ውስጥ ናት፤ ዓይኗ ተከድኗል። ለመጠየቅ ፈራሁ። አማቴ ከግመሉ ሳይወርዱ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ “ሰይድ፣ ምን ትቆማለህ፣ እለባት እንጂ!” አሉ።

“እማ፣ ምን አልሽ?” አለች ዘሀራ። ረሃቡንም ልጇንም ለአፍታ ረስታ እናቷን አየቻት።

አለብኩ። ዘሀራ በጨርቅ ነክራ ልጅቱ አፍ ላይ አደረገችው። ወተቱ በአገጯ ፈሰሰ። እንደገና ነከረች፤ እንደገና ፈሰሰ። በሦስተኛው የልጅቱ ጉሮሮ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ከፍ ዝቅ አለ። ዋጠች። ዘሀራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም የፍየሏን አንገት አቅፌ አለቀስኩ።

ወዳጆቼ፣ ከዚያ በኋላ ሕይወቴ በምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ልብስ ሰፊነቴን አልተውኩም። ግን የሚገዛ ነገር ሲጠፋ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው መሆኔ ቀረ። ልጆቼ ሁሉ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ ልጥ ልጠው ገመድ መግመድ፣ እንጨት አሽከርክረው እሳት ማውጣት፣ የተቀደደ አቁማዳ በጠጠር ማሰር ያውቃሉ። አንዳንዴ፣ “አባባ፣ ጀሪካን ባለበት ዘመን?” ብለው ይቀልዱብኛል። እኔም ሠርተው እስኪያሳዩኝ ራት አይቀርብም እላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ለውጥ ግን ይበልጣል። የአማቴ ዘመዶች ወሬውን ሰምተው ሊወቅሱ መጥተው ነበር። አማቴ፣ “አህያ ሲገዛልኝ እንደ ዱሮው እሆናለሁ” ብለው ሸኟቸው፤ ገንዘብ ያዋጣ አልተገኘም። ክብርን እወዳለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን እናንተ አንባቢዎቼ፣ በቤታችሁ ውስጥ በሌላ ሰው በኩል ብቻ የምታናግሩት ሰው ካለ፣ የሚያወራው ዱዓ መስሏችሁ አትራቁ። ምናልባት ውሃው ሊፈስ ነው እያለ ሊያስጠነቅቃችሁ ይሆናል። ጠጋ ብላችሁ ስሙት።

አማቴ ዕድሜ ጠግበው አለፉ። ሐያት ደግሞ ባለፈው ዓመት ሴት ልጇን ዳረች። አማቿ መጀመሪያ ቤቷ የመጣ ቀን እኔም ነበርኩ። ልጁ የጨዋ ልጅ ነውና እንደ ወጉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በር ላይ ቆመ። ሐያት ተነሳች፣ ወንበር ሳበችና ከግድግዳውና ከእሱ መካከል ገብታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“ስምህ ማን ነው?” አለችው።

ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሷም ታውቀዋለች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ ነገራት። እሷም ጠራችው።